መልስ፦ ደሴ ዙሪያ ክረምቱን ከከብት ጋር ማለፍ

ወንድሜ፣ ደሴ አጠገብ አንዲት ላምና ጥቂት በጎች ልትገዛ አስበህ ክረምቱ እንዴት እንደሚታለፍ ጠይቀሃል። እኔ ያደግሁት ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከብት ያለበት ቤት ነው። ይታለፋል፤ ግን ሐምሌና ነሐሴ እረፍት የለም።

ጭጋጉ ሳይገፈፍ እናቴ በረት ትገባ ነበር። እበቱ ይዛቃል፣ የራሰው ጉዝጓዝ ይወጣል፣ ደረቅ ገለባ ይነጠፋል። ከዚያ ነው ላሟ የምትታለበው። ኩበቱን በበጋ አድርቀህ ጣሪያ ሥር አስገባ። ያለዚያ ነሐሴን እርጥብ እንጨት ስታራግብ ትከርማለህ።

እኔን የሚያሳስበኝ የበጎቹ ነገር ነው። ሣሩ ለመለመ ብለህ ረግረግ ላይ እንዳትለቃቸው! የጉበት ትል የሚይዛቸው እዚያ ነው። ትሉ መጀመሪያ የሚያድገው ውሃ ባቆረ ቦታ በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ይጣበቃል። በጉ ወዲያው አይታመምም። ከወራት በኋላ ይከሳል፣ መንጋጋው ሥር ያብጣል። እኛ ሦስት በጎች ያጣነው እንዲህ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ውሃ የማይተኛበት ዳገት ላይ አግጣቸው። መድኃኒቱን መቼ እንደምትሰጥ ደግሞ ከመግዛትህ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ።