መልስ፦ ኩላሱከስ አዞ ነው ወይስ ሳላማንደር?

ሰላም ወንድሜ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ስለኖረውና ስለጠፋው እንስሳ «ኩላሱከስ የአዞ ዘመድ ነው ወይስ ግዙፍ ሳላማንደር (እንሽላሊት መሳይ አምፊቢያን)?» ላልከው፣ ሁለቱም አይደለም። አምፊቢያን (እንደ እንቁራሪት በውሃም በየብስም የሚኖር ዓይነት እንስሳ) መሆኑ ግን እርግጥ ነው። የሚመደበው ቴምኖስፖንዲል ከሚባሉት የጥንት አምፊቢያኖች ጋር ሲሆን፣ አስተኔው (የቅርብ ዘመዶቹ ምድብ) ቺጉቲሳውሪዴ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ የዛሬዎቹ እንቁራሪቶችና ሳላማንደሮች የመጡት ከሌላ የቴምኖስፖንዲል ቅርንጫፍ ነው። ዝምድና አላቸው፣ ግን የሩቅ።

ምደባው በቀላሉ አልተገኘም። በአውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የመንጋጋ ስባሪ ሲገኝ ጥርጣሬው ብዙ ነበር። ስባሪው የተገኘበት አለት ዕድሜ ወደ 120 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ቴምኖስፖንዲሎች ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድመው እንዳለቁ ነበር የሚታመነው። በኋላ ደህና መንጋጋ ተገኘና በ1997 እ.ኤ.አ. ስም ወጣለት።

ቴምኖስፖንዲሎችን ከአዞ ጥርስም ይለያቸዋል። የቴምኖስፖንዲል ጥርስ በአግድም ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ታጠፈ ጨርቅ ተሸብሽቦ ይታያል፤ የአዞ ጥርስ እንዲህ አይደለም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ እስከዚያ ዘመን መቆየቱ ነው። አካባቢው ያኔ ለደቡብ ዋልታ ቅርብ ነበር። ብርዱ አዞን ስለማያስጠጋ ወንዙ ለ3 ሜትሩ ኩላሱከስ ቀረለት ብለው ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ።

ዘመዱን ማየት ከፈለግህ የአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛቱን ሲዴሮፕስ ፈልግ። ዘመኑ ጁራሲክ (ከኩላሱከስ ዘመን የሚቀድም) ነው፤ አጽሙም ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል።