«ኦኬ» ሁልጊዜ «እሺ» ነውን?

ጥያቄ፦ የውጭ ፊልሞችን ንግግር ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ኦኬ» ባጋጠመኝ ቁጥር «እሺ» እላለሁ፤ ባልደረቦቼ ግን ሁሉም ቦታ አያስኬድም ይሉኛል። ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ባልደረቦችዎ እውነት አላቸው። የ«እሺ» ጉልበቱ ፈቃድ ላይ ነው። የታዘዘ፣ የተለመነ ሰው ይለዋል፤ ተቃራኒው «እምቢ» ነው፤ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» መባሉም ለዚሁ ነው። ኦኬ ግን ከዚህ የሰፋ ሥራ አለው። የወደቀ ልጅ «ኦኬ ነህ?» ሲባል «ደህና ነህ? ተጎዳህ?» ማለት ነው። መምህር ክፍል ገብቶ «ኦኬ» ካለ «በሉ እንጀምር» ማለቱ ነው። ቡና ሊጨመርለት ሲል ሲኒውን በእጁ የከደነ እንግዳ «ኦኬ ነኝ» ቢል «ይበቃኛል» ማለቱ ነው፤ እርስዎ «እሺ» ካሰኙት ሲኒው ይሞላል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ለብ ያለው ኦኬ ነው። ሚስት «ወጡ እንዴት ነው?» ስትል ባል «ኦኬ ነው» ቢል አላመሰገነም። «ምንም አይልም» እንደማለት ነው። ተርጓሚው «ጥሩ ነው» ብሎ ካለፈ ተመልካቹ ሴትዮዋ ለምን እንዳኮረፈች ግራ ይገባዋል።

ወደ ምንጩ ስንመጣ፣ ነገሩ የጋዜጠኞች ቀልድ ነው። በ1830ዎቹ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ጋዜጦች ሐረግን ሆን ብለው አበላሽተው እየጻፉ በመጀመሪያ ፊደላቱ ማሳጠር ይወዱ ነበር። «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ (all correct) በኤ እና በሲ መጀመር ሲገባው «ኦል ኮሬክት» (oll korrect) ተብሎ ተጻፈና ኦ እና ኬ ሆነ። ቀልዱም እዚያው ላይ ነው፤ ትክክል ነው የሚለው ራሱ ስሕተት ነው። በቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ መጀመሪያ የታተመው ማርች 23 ቀን 1839 ነበር።

የዚያ ዘመን አቻዎቹ ሁሉ ሲሞቱ ይህን ያተረፈው ምርጫ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን በኒው ዮርክ ግዛት የምትገኘው የኪንደርሁክ ተወላጅ ስለነበሩ ደጋፊዎቻቸው በ1840 «ኦልድ ኪንደርሁክ» እያሉ ኦኬን መፈክር አደረጉት። ተቃዋሚዎችም ዝም አላሉም፤ ቃሉን የፈጠረው ፊደል የማይሆንለት የቀድሞው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ነው ብለው አስወሩ። ቫን ቡረን ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን አሸነፈ።

ይህን ሁሉ ከአሮጌ ጋዜጦች ለቅሞ በ1963 እና በ1964 ያሳተመው በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ሊቅ አለን ዎከር ሪድ ነው። ከዚያ በፊት ከግሪክኛ፣ ከስኮትላንድ፣ ቾክታው ከሚባሉት የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ቋንቋ ነው የሚሉ መላ ምቶች ይናፈሱ ነበር። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን የቾክታውን ወገን ስለያዙ የሚያጸድቁት ወረቀት ላይ «ኦኬህ» ብለው ይጽፉ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ለእንዲህ ያለው የቢሮ ኦኬ አማርኛ እጅግ ያማረ ቃል አለው። «የአለቃውን ኦኬ አገኘን» ከማለት «የአለቃውን ይሁንታ አገኘን» ይበሉ።