የ1902ቱ ፔኒ፦ ሎው ታይድ ነው ወይስ ተራው?

ሁለት የ1902 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ፔኒ ሳንቲሞች ይዘህ የትኛው «ሎው ታይድ» (ባሕሩ ዝቅ ብሎ የተቀረጸበት ዓይነት)፣ የትኛው ተራው እንደሆነ ለመለየት ከፈለግህ፣ የንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛን ፊት ተወውና ገልብጣቸው። ልዩነቱ ያለው ብሪታኒያ (አገሪቱን የምትወክለው ሴት ምስል) በተቀመጠችበት በኩል፣ ከኋላዋ ባለው የባሕር መስመር ላይ ነው።

መስመሩ እግሮቿ የተነባበሩበት ቦታ ላይ ከደረሰ ተራው፣ ማለትም «ሃይ ታይድ» (ባሕሩ ከፍ ያለበት) ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከቀሚሷ ጠርዝ አካባቢ ከሆነ ግን የምትፈልገው ሎው ታይድ እሱ ነው። ያው ልዩነት በዚያው ዓመት ግማሽ ፔኒ ላይም አለ፤ ካለህ እሱንም እየው።

ሳንቲሙ ከአገልግሎት ብዛት ተፍቆ ከሆነ መስመሩ ቶሎ አይታይም። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አብራና በአጉሊ መነጽር ተመልከት፤ ጥላው መስመሩን ያወጣዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደግሞ ከየትኛውም ፎቶ ይሻላል።

አደራ፣ «በደንብ ይታየኝ» ብለህ እንዳታጥበው። እኔ አንዱን በሎሚ አሽቼ እንደ አዲስ የመዳብ ድስት ቀላ አለልኝ፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ገዢው ገና ከእጄ ሳይቀበለኝ «ታጥቧል» ብሎ ዋጋውን ከግማሽ በታች አወረደው። ቡናማው ቆዳ አንዴ ከለቀቀ አይመለስም።