ደብተሩ ያስታወሰኝ ሰው

ውድ ልጆቼ፣

«መጽሐፍ መጻፍ ምን ያተርፋል?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ነው የምጽፈው። የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። የሕይወት ትዝታዬን ጽፌ 500 ቅጂ በራሴ ወጪ አሳተምኩ። ሽያጩ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ሸፈነ፤ በዚያው አበቃ። እኔ የማወራችሁ ስለ ሌላው ትርፍ ነው።

ሙያዬ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያ ነው። ጎንደር ተምሬ ስወጣ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ላይ ደረስኩ። ዘመቻው የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኛ ተመዘገበ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት የ3 ዓመት ሕፃን ታማ ተገኘች። በአገራችን የመጨረሻዋ እሷ ሆነች። በዚያ ሥራ ውስጥ እጄ ስላለበት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ለአርባ ዓመት አንድ ታሪክ ሳወራ ኖሬያለሁ። ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። የአካባቢው ሰው ፈንጣጣው እንዳይጠናበት ብሎ ከታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ የማስገባት የቆየ ልማድ ነበረው። «እኛ የራሳችን አለን» ይሉን ነበር። አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን ጓዳ ደብቃ አላስከትብም አለች። እኔ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፣ አሳመንኳት፣ ከተብኳቸው። ቤተሰቤ በሙሉ ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል።

የመጽሐፌ መጀመሪያ እንዲሆን ፈለግኩ። ቀኑን ለማረጋገጥ ከቁም ሣጥን ላይ የመስክ ደብተሮቼን አወረድኩ። ሽፋናቸውን አይጥ በልቶታል፤ ውስጡ ግን ይነበባል። በእርሳስ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «እናትየዋ እምቢ አለች። ተመለስን። ማታ መንገድ መሪያችን ብቻውን ሄደ። ጠዋት ልጆቿን ይዛ መጣች። 3 ተከተቡ።»

ደብተሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ያሳመናት እሱ ነው። በቅሏችንን እየጎተተ ገደል የሚያሻግረን፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ። ምን ብሎ እንዳሳመናት እንኳ ያኔ አልጠየቅኩትም።

ዋሽቼ አልነበረም፤ አምኜበት ነው ያወራሁት። ግን ሰው አንድን ታሪክ ደጋግሞ ሲያወራ ቀስ በቀስ ራሱን መሐል ላይ ያስቀምጣል። አድማጭ ደግሞ አያቋርጥም። ወረቀት ላይ ስትቀመጡ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ማን ነበር? መቼ? አንተስ የት ነበርክ? እኔ በ70 ዓመቴ የገዛ ሕይወቴን እንደ አዲስ የተዋወቅኩት እንዲህ ነው። ያማል፤ ግን ከዚያ በኋላ ያለው እፎይታ ሌላ ነው።

ስለ ክትባት መርፌው ስጽፍም እጄ ራሱ ማስታወስ ጀመረ። ጫፉ እንደ ትንሽ ሹካ ነው። ክትባቱ ውስጥ ነከር ሲደረግ በሁለቱ ጥርሶች መሐል አንዲት ጠብታ ተይዛ ትወጣለች። ከዚያ ክንድ ላይ፣ እዚያው አንድ ቦታ፣ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ። ይህን እንደጻፍኩ የጎጆው ጢስ ሸተተኝ። የረሳኋቸው የሥራ ጓደኞቼ ፊት አንድ በአንድ መጣ። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ግን ደስ የሚል ነገር ነበረው።

እባካችሁ ጡረታን አትጠብቁ። ነርስም ሁኑ ሹፌር፣ ማታ ማታ ሁለት መስመር ጻፉ። ስልክ ላይም ይሁን። ብቻ ማን ምን እንዳደረገ ከነስሙ ይኑር። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ እኔ የሰው ሥራ ይዤ እሞት ነበር።

ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት። መንገድ መሪያችን ካረፈ ቆይቷል። ሴት ልጁ ደብረ ማርቆስ እንደምትኖር ሰማሁ፤ አፈላልጌ አገኘኋት። ቡና እያፈላች ነበር። መጽሐፉን ሰጥቼ የአባቷ ስም ያለበትን ገጽ ገለጥኩላት። ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቡናው ገነፈለ፣ አላየችውም።

«አባዬ ጤና ጥበቃ ሠርቷል እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፣ ሠርቷል» አልኳት።