ሕሊናና እምነት አብረውን ይወለዳሉ ወይስ እንማራቸዋለን?

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጅ አለችኝ። ዕቃ ከእጄ ሲወድቅ ሮጣ አንስታ ትሰጠኛለች። «እርጂ» ብሎ ያስተማራት የለም። ባለቤቴ «ደግነት ከማህፀን ይዘነው የምንወጣው ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ልጅ ያየውን ነው የሚሆነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ልጅዎ የምታደርገው ነገር በሚገባ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ 24 የ18 ወር ሕፃናትን አንድ በአንድ ሞከሩ። የማያውቁት ሰው ልብስ ሲያሰጣ መቆንጠጫው ይወድቅበትና ሊያነሳው ይንጠራራል፣ ግን አይደርስበትም። ወይም ሁለት እጁን መጽሔት ሞልቶት ከተዘጋ ቁም ሣጥን ፊት ይቸገራል። ከ24ቱ 22ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ረዱት፤ የለመናቸውም ሆነ ያመሰገናቸው አልነበረም። ከሁሉ የሚበልጠው ማነጻጸሪያው ነው፦ ያው ሰው መቆንጠጫውን ሆን ብሎ ሲጥለው ብዙም አላነሱለትም። ዕቃ ማንሳት ስለሚያስደስታቸው ቢሆን ኖሮ ያኔም ባነሱት ነበር። የሰውየውን ፍላጎት ተረድተው ነው የረዱት።

ይህ ለባለቤትዎ ያደላ ይመስላል። ነገር ግን 18 ወር ልደት አይደለም፤ ሕፃኑ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ሲታቀፍ፣ ሲባበልና ሲረዳ ኖሯል። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ወደ ጨቅላዎቹ የወረዱት። እ.ኤ.አ. በ2007 ካይሊ ሃምሊንና ባልደረቦቿ ዐይን የተለጠፈበት የእንጨት ቅርጽ ዳገት ሲወጣ፣ አንዱ ከኋላ ሲገፋለት፣ ሌላው ወደ ታች ሲመልሰው አሳዩ። ቀጥሎ ሁለቱን አቅርበው «የትኛውን ትፈልጋለህ?» እንደማለት አስመረጡ። 12ቱም የ6 ወር ሕፃናት፣ ከ16 የ10 ወር ሕፃናት ደግሞ 14ቱ ረጂውን ያዙ። ውጤቱ ለዓመታት እንደ ማረጋገጫ ሲጠቀስ ኖረ። በኋላ 37 ላቦራቶሪዎች ተባብረው ከ1,000 በላይ ሕፃናትን ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ውጤት ረጂውን የመረጡት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳየ፤ ይህ በዕጣ ከሚገኘው አይለይም። የኋለኛው ጥናት በእንጨት ቅርጽ ፈንታ ቪዲዮ መጠቀሙ ልዩነት አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ «የስድስት ወር ልጅ ክፉና ደጉን ይለያል» ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር ዛሬ አይቻልም። የመርዳት ዝንባሌ በጣም ቀድሞ ይበቅላል፤ ያለ ሰው እንክብካቤ ስለመብቀሉ ግን ማስረጃ የለም።

ለእናት የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። በረዱ ቁጥር ሽልማት የተሰጣቸው የ20 ወር ልጆች፣ ሽልማቱ ሲቀር ምንም ካልተሰጣቸው ልጆች ያነሰ ረዱ። ስለዚህ ልጅዎን ለመርዳቷ በስጦታ አይክፈሏት። «መቆንጠጫውን አገኘሁት፣ አሁን ልብሱን አሰጣለሁ» ብለው የእርዳታዋን ውጤት ማሳየቱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ስለ ፈጣሪ ምንም ሳይነገረው ያደገ ልጅ በራሱ ያምናል?

መልስ፦ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት (2፥15) ሕግ በልብ የተጻፈ መሆኑን ይናገራል፤ ቁርኣንም (30፥30) ሰው የተፈጠረበትን ፊጥራ፣ ማለትም ተፈጥሯዊ ዝንባሌ፣ ይጠቅሳል። እነዚህ የእምነት ቃላት ናቸው፤ ላቦራቶሪ አያጸናቸውም፣ አይሽራቸውምም። ላቦራቶሪ ሊመዝን የሚችለው የልጆችን አስተሳሰብ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዴቦራ ኬልመን ልጆችን «ድንጋይ ለምን ሾጣጣ ሆነ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ብዙዎቹ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች አፈርና ጊዜ ያመጣው ነው ከሚለው ይልቅ እንስሳት ሲያሳክካቸው እንዲታከኩበት ነው የሚለውን መረጡ። ለልጅ ነገር ሁሉ «ለዚህ ነው» የሚባል ዓላማ አለው። በሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በጀስቲን ባሬት ጥናት ደግሞ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ድንጋይ ይገኛል። «እናትህ ካርቶኑን ሳትከፍት ምን አለበት ትላለች?» ሲባሉ የሦስት ዓመት ልጆች «ድንጋይ» ይላሉ፤ እነሱ ያወቁትን ሁሉም ያወቀ ይመስላቸዋል። አምስት ዓመት አካባቢ ሲደርሱ እናት እንደምትሳሳት ይገባቸዋል፤ ፈጣሪ ግን ያውቃል እንዳሉ ይቀጥላሉ። ደስ የሚል ግኝት ነው። ሆኖም ልጆቹ ከአማኝ ቤተሰብ የመጡ ስለነበሩ «ሁሉን አዋቂ» የሚለውን ቀድመው ሰምተዋል።

ዓላማ የመፈለግ ዝንባሌ እምነት አይደለም፤ እምነት የሚያርፍበት መሬት ነው። የፈጣሪ ስም፣ ጸሎቱና ሥርዓቱ ከሰው የሚገኙ ናቸው፤ በመስማት ብቻም አይገኙም። የባህል ተመራማሪው ጆሴፍ ሄንሪክ እንደሚለው ልጅ የሚያምነው የተናገሩትን ሳይሆን ዋጋ ከፍለው የኖሩትን ነው። ወላጅ እየሰበከ ካልኖረበት ቃሉ ሥር አይሰድም። የመንትዮች ጥናቶችም የቤት ተጽዕኖ በልጅነት ከፍ ብሎ በጉልምስና እንደሚቀንስ፣ በዘር የሚወረሰው ድርሻ ደግሞ እንደሚጨምር ያሳያሉ። ይህ ግኝት፣ ሰው በሃይማኖቱ ምን ያህል እንደሚተጋ እንጂ የትኛውን ሃይማኖት እንደሚይዝ አይናገርም።

ጥያቄ፦ ሃይማኖት በሌለው ቤት ያደጉ ልጆች ይበልጥ ለጋሾች ናቸው የሚል ጥናት አንብቤያለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በስድስት አገሮች ልጆች ላይ የወጣው ጥናት ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሰርዟል። አገሮቹ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር፤ በስሌቱ ጊዜ ቁጥሮቹ መለያ መሆናቸው ቀርቶ እንደ መጠን ተቆጠሩ። ስህተቱ ሲታረም ሃይማኖት በሌለው ቤት ያደጉት ይበልጣሉ የሚለው ድምዳሜ አልቆመም፤ ከልዩነቱ አብዛኛው የአገር እንጂ የሃይማኖት አልነበረም።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ የማይማታው ስለገባው ነው ወይስ ቅጣት ፈርቶ? እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊዮት ቱሪየል የጀመረውን አጠያየቅ ይጠቀሙ። ሁለት ድርጊቶች ይምረጡ፦ አንዱ ሰው የሚጎዳ፣ ለምሳሌ መምታት፤ ሌላው የስምምነት ደንብ፣ ለምሳሌ ክፍል ውስጥ እጅ ሳያወጡ መናገር። ስለ ራሱ ሳይሆን ስለማይታወቅ ልጅ ያውሩለት። ለሁለቱም በቅደም ተከተል «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»፣ «መምህሯ ፈቅጃለሁ ብትልስ?»፣ «እንዲህ ዓይነት ደንብ በሌለበት ትምህርት ቤትስ?» ብለው ይጠይቁ። በመጨረሻ «ለምን?» ይበሉና ዝም ብለው ይጠብቁት፤ ዋናው ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ያመዋል»፣ «ያለቅሳል» ካለ ጉዳቱ ገብቶታል። «ይቆጡኛል» ብቻ ካለ ገና ከቅጣቱ አልተላቀቀም። ብዙ ልጆች መምታትን መምህር ቢፈቅደውም መጥፎ ነው ይላሉ፤ እጅ ማውጣቱን ግን ከተፈቀደ ይተዉታል። በአሜሪካ ጥብቅ ክርስቲያን በሆኑት የአሚሽ ማኅበረሰብ ልጆች ላይም እንዲሁ ታይቷል፦ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ባይኖር በሰንበት መሥራት ችግር የለውም ሲሉ፣ መምታትን ግን አብዛኞቹ ያኔም ስህተት ነው ብለዋል።

ሙከራው የሚበላሸው ልጁ ገና እንደተቆጡት ሲጠየቅ ነው፤ ያኔ የሚመልሰው እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን ነው። ሌላው ስህተት በአዎና በአይ መርካት ነው። በአንድ መልስም አይፍረዱ፤ ከሳምንት በኋላ ድርጊቱን ለውጠው፣ በመምታት ፈንታ የሌላውን ዕቃ መንጠቅን አንስተው ይድገሙት።