ውሎን መመርመር፦ ጸጸቱ አለ፣ ለውጡ ግን የታለ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ እህል እነግዳለሁ። የንስሐ አባቴ "ማታ ማታ ውሎህን መርምር" ብለውኝ ጀምሬ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስብ ወይ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ወይ ጥፋቴን ስቆጥር ተስፋ እቆርጣለሁ። ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአንድ ደንበኛ ዱቤ ደብተር ላይ ሳይጻፍ ስለቀረ መደብር የሚያግዘኝን ልጅ ሰው ፊት አዋረድኩት። ማታ ተጸጸትኩ። ዓርብ ግን ያንኑ ደገምኩት። ታዲያ ምርመራው ምን ጠቀመኝ? ልጁ ሙስሊም ነው፤ እሱን ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ለእግዚአብሔር መናገሬ ይበቃል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ነገ ጠዋት መደብር ሲከፍቱ የሚሠራ ነውና። ልጁን ይቅርታ ይጠይቁት። ጌታችን "መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ" ሲል (ማቴ. 5፥23-24) የተበደለው ሰው የሚጾመው ረመዳንን ይሁን ዐቢይ ጾምን አልለየም። ያዋረዱት ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም ሰው ባለበት ቢሆን ይመረጣል። ጓዳ አስገብቶ ሹክ ማለት ለእርስዎ ይቀልል ይሆናል እንጂ ለልጁ ክብሩን አይመልስለትም። ቃሉ አጭር ይሁን፦ "ረቡዕም ዓርብም የተናገርኩህ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ።" "ግን አንተም እኮ ደብተሩን..." የምትል ነገር ከተከተለች ይቅርታው ተመልሶ ክስ ይሆናል። የደብተሩን ነገር ሌላ ቀን ይነጋገሩበት።

አሁን ወደ ምርመራው። አልጋ ላይ የተጀመረ ምርመራ ለእንቅልፍ ሲሳይ ነው፤ በደሴ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ጋደም ያለ ሰው ስንት ደቂቃ ይቆያል? "በመኝታችሁ ሳላችሁ በልባችሁ አስቡ" (መዝ. 4፥4) ተብሏል ቢሉኝ፣ ይህን ያለው ዳዊት እኩለ ሌሊት ለምስጋና የሚነሣ ሰው ነበር። እኛ እዚያ እስክንደርስ ድረስ መደብር ከተዘጋ በኋላ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይሻለናል። 15 ደቂቃ ይበቃል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን።

በስመ አብ ብለው አማትበው አቡነ ዘበሰማያትን ይድገሙ፤ ከዚያ መዝሙር 50ን፣ "ተሣሃለኒ እግዚኦ" የሚለውን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 51 ሆኖ ነው የሚገኘው)። ቀጥሎ ጥፋት ፍለጋ አይቸኩሉ። ከዚያ ቀን ውሎ የሚያመሰግኑበትን ሁለት ሦስት ነገር በስሙ ይጥሩ። ይህን የሚዘል ሰው ነው ብዙ ጊዜ ተስፋ መቁረጥ ላይ የሚወድቀው፤ ቸርነቱን ሳያስብ ጥፋቱን ብቻ ይቆጥራልና።

ከዚያ ቀኑን ከንጋት ጀምረው በቅደም ተከተል ይሂዱበት። "ዛሬ ምን ኃጢአት ሠራሁ?" ብለው አይጀምሩ። ጥያቄው እንዲህ ሰፊ ሲሆን መልሱም "ክፉ ሰው ነኝ" የሚል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለማረምም ለመናዘዝም አይያዝም። ይልቅ "3 ሰዓት ላይ ማን መጣ? ምን አልኩት? ሚዛኑ ላይ የጆንያውን ክብደት ቀነስኩለት ወይስ ዝም አልኩ?" ብለው ይጠይቁ። ልብ ካልደነገጠ ይለፉት፤ ከደነገጠ ይቁሙ። በአንድ ማታ አንድ ቦታ ላይ መቆም ይበቃል። ከቆሙበት ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሱ፦ ከመናገሬ በፊት ምን ነበር? ከዚያስ በፊት?

የእርስዎ ምርመራ የጎደለው ይህ ነው። ረቡዕ ተጸጸቱ፤ ቁጣው ከየት እንደተነሣ ግን አልፈለጉም። በጥያቄዎ ላይ "ረቡዕ" እና "ዓርብ" ብለው ራስዎ ጽፈዋል። ሁለቱም የጾም ቀን ናቸው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሆድ ባዶ፣ ገበያው ገና ያልተበተነ፣ ሒሳቡ የተደራረበ ይሆናል። ጥፋተኛው ጾሙ አይደለም፤ ጾሙ በልብዎ ውስጥ የነበረውን ነው ያወጣው፣ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ ግን ከሁለት ቀን ተነሥቼ ነው የምናገረው፤ እርስዎ ሦስት አራት ሳምንት ይከታተሉት። ሌላም መለያ አለ፦ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ያኔም ቁጣው በሰዓቱ ከመጣ ሰበቡ ረኃብ ሳይሆን የገንዘብ ፍርሃት ሊሆን ይችላልና በዚያ በኩል ይፈልጉት።

ምንጩ ከታወቀ መከላከያው አስቀድሞ ይቀመጣል። ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ማርሽ የሚቀንሰው ኩርባው ላይ ሲደርስ አይደለም፤ ገና ከላይ ነው። እርስዎም በጾም ቀን የዱቤውን ሒሳብ በጠዋት ከልጁ ጋር አብረው ያስታርቁ። 6 ሰዓት ሲሆን፣ ጌታችን የተሰቀለበት ሰዓት ነውና፣ ለ5 ደቂቃ ጸሎት ያድርሱ። "ከእንግዲህ አልቆጣም" የሚል መሐላ ግን አይግቡ። በማግሥቱ ሲፈርስ ተስፋ መቁረጡን ይዞት ይመጣል።

ጸጸትና ተስፋ መቁረጥ በመጀመሪያ ይመሳሰላሉ። ጴጥሮስም ይሁዳም አዝነዋል። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ ይሁዳ ብቻውን ሄደ። ስለዚህ ማታ የተሰማዎ ሐዘን ወደ ልጁና ወደ ካህኑ ከገፋዎት ደኅና ነው። ከሰው እንዲሸሹ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ እንዲያፍሩ ካደረገዎት ግን 15 ደቂቃው ባይሞላም ያቁሙት፤ "አቤቱ ይቅር በለኝ" ብለው ተነሥተው እራትዎን ይብሉ።

ሌላው ብዙዎች የሚሳሳቱበት፣ የደረሰባቸውን ጉዳት ሁሉ የቅጣት ደብዳቤ አድርገው ማንበብ ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታ ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4)። ማሽላዎ ከነቀዘ መጀመሪያ ጆንያው እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ይዩ። ሕይወት ያስተማረችው ትምህርት ከሥሩ ሳንቃ ማንጠፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ትምህርት ነው።

ማስታወሻ መያዝ ከፈለጉ በቀን ከአንድ መስመር አይለፍ፤ ሌላ ሰው ቢያገኘው የማይገባው አድርገው ይጻፉት። የዝሙት ሐሳብ ከሆነ ስሙን ብቻ ጠርተው ይለፉ፤ በዝርዝር መመርመር ሐሳቡን እንደገና መቀለብ ነው። ከተናዘዙ በኋላ ወረቀቱን ይቅደዱት።

የማታው ምርመራ ኑዛዜን አይተካም፤ ያዘጋጃል እንጂ። ለራስዎም ቀኖና (የንስሐ ቅጣት) አይስጡ። በንዴት ተነሥቶ "100 ስግደት እሰግዳለሁ" የሚል ሰው አለ፤ ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ወይም በዓለ ሃምሳ መሆኑን እንኳ አያይም፤ በእነዚህ ቀናት የንስሐ ስግደት የለም። የንስሐ አባትዎ ዘንድ ሲቀርቡ "እቆጣለሁ" ብቻ ብለው አይለፉ። "ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ሰው ፊት አዋርዳለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄም ጀምሬያለሁ" ይበሏቸው። የሚጨመረውንም የሚቀነሰውንም እሳቸው ይነግሩዎታል።