ምልልሱን አትዝለሉ፦ የመካከለኛው ዘመን የፈረሰኞች ግጥም ለምታነቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የመካከለኛው ዘመን ሮማንስ፣ ማለትም የፈረሰኞችን ጀብዱና ፍቅር የሚተርክ ድርሰት፣ ስታነቡ ወደ ጦርና ሰይፉ ለመድረስ ቸኩላችሁ ንግግሩን አትለፉት። ታሪኩን የሚያዞረው በአብዛኛው የተነገረው፣ ቃል የተገባውና መነገር ሲገባው የታፈነው ነገር ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ክሬቲየን ደ ትሯ በፈረንሳይኛ የጻፈውን «ኢቬን» ውሰዱ። ፈረሰኛው ኢቬን የአንድ ምንጭ ጠባቂ የሆነ ፈረሰኛ ይገድልና የሟቹን ሚስት ሎዲንን ይወዳል። እዚህ ላይ ሰይፍ አይረዳውም። ነገሩን የምትፈታው የሎዲን ደንገጡር ሉኔት ናት። ሁለት ፈረሰኞች ተዋግተው አንዱ ቢያሸንፍ ማንኛው እንደሚበልጥ እመቤቷን ትጠይቃለች። ሎዲን በነገር ልትይዛት እንደሆነ ትጠረጥራለች፤ አሸናፊው ከባልሽ ይበልጣል ማለት እንደሆነ ሲገባት ተቆጥታ ታባርራታለች። ሌሊት ግን ብቻዋን ሆና ገዳዩን ፊቷ እንደቆመ አድርጋ ትሞግተዋለች። ባሏን መግደሉን ትጠይቃለች፣ ማመኑን ራሷ ትመልስለታለች፤ እሷን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ ትጠይቃለች፣ እንዳልሆነ ትመልስለታለች፤ በመጨረሻም በነጻ ታሰናብተዋለች። የእኛን የተጠየቅ ሙግት ለሚያውቅ ይህ ክፍል ባዕድ አይሆንበትም። ተከሳሹ በሌለበት ጉዳዩ አለቀ!

ስታነቡ እርሳስ ያዙ። ማን ለማን እንደሚናገርና ማን ቆሞ እንደሚሰማ በዳር ጻፉ። ቀነ ገደብ ያለውን ቃል ኪዳን ሁሉ አክብቡ፤ ኢቬን በ1 ዓመት እመለሳለሁ ብሎ ቀኑን ስለረሳ የሚስቱ የሎዲን መልእክተኛ በንጉሥ አርተር ፊት ወንጅላው ቀለበቱን ትወስድበታለች፣ እሱም ያብዳል። ጥንታዊዎቹ የእጅ ጽሑፎች ትእምርተ ጥቅስ እንደሌላቸውም እወቁ፤ የምታዩት የዘመናችን አዘጋጆች የጨመሩት ነው። ንግግሩ የት እንዳበቃ ካጠራጠራችሁ «አለ»፣ «አለች» የሚሉትንና አንዱ ሌላውን የሚጠራበትን መንገድ ለውጥ ተከተሉ።

ግጥሙ 8 ቀለም ባላቸው ስንኞች፣ ሁለት ሁለቱ ቤት እየመታ የሚሄድ ነው። ክሬቲየን አንዳንዴ ጥያቄውን በመጀመሪያው ስንኝ ይጨርስና ቤቱን መላሹ እንዲመታው ይተዋል። በስድ ንባብ ትርጉም ብቻ የሚያነብ ይህን ቅልጥፍና ፈጽሞ አያገኘውም፤ ስለዚህ ዋናውን ባትችሉትም ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ብዙ አንባቢ የሚስተው ዝምታን ነው። በክሬቲየን ሌላ ግጥም ውስጥ ወጣቱ ፈረሰኛ ፐርስቫል ወሬ እንዳያበዛ ተመክሯል። በአንድ ቁስለኛ ንጉሥ ቤተ መንግሥት አድሮ ሳለ፣ ደም የሚያንጠባጥብ ጦርና ግራል የተባለው ምስጢራዊ ዕቃ በፊቱ ሲያልፉ ነገ እጠይቃለሁ ብሎ ዝም ይላል፤ ሲነጋ ቤተ መንግሥቱ ሰው የለበትም። ቢጠይቅ ኖሮ ቁስለኛው ንጉሥ ይድን ነበር። ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ ያለቦታው ዋለ እንጂ።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የጋዌንና የአረንጓዴው ፈረሰኛ ግጥም 2,530 ስንኞች አሉት። ጋዌን በየቀኑ ያገኘውን ለአስተናጋጁ ሊሰጥ ይስማማል። በመጀመሪያው ቀን 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3 ከአስተናጋጁ ሚስት ያገኘውን መሳም ይመልሳል፤ ከእሷ የተቀበለውን መቀነት ግን ይደብቃል። በኋላ አስተናጋጁ ራሱ የሆነው አረንጓዴው ፈረሰኛ መጥረቢያውን ሦስት ጊዜ ሲሰነዝርበት ሁለቱ አይነኩትም፣ ሦስተኛው አንገቱን ይጭረዋል። በየምሽቱ የተነገረውንና የተደበቀውን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ያዙ፤ ያ ጭረት ለየትኛው ምሽት እንደተከፈለ ያኔ ይታያችኋል።